ያልተኛንበትን አናከራይም

በወንድሜ ቀብር የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው፣ ወንድሜ የሞተ ዕለት አልጋ የከለከለን ሰው ነው። ብዙ ቀን ሞክሬ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላገኘሁም።

ታሪኩን አስቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አስከሬኑ ገና ሆስፒታል እያለ፣ ከእሱ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች “ታናሽ ወንድሙ አንተ ነህ፣ ጻፍ” አሉኝ። በደብተር ሁለት ገጽ ሞላሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ግን የጻፍኩት እውነት ነበር። ወስደውት በኮምፒውተር ተጽፎ ሲመለስ፣ ከእኔ የቀረው የተወለደበት ቦታና የልጆቹ ብዛት ብቻ ነበር። ያወጡትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ወንድሜ ሥራ የጀመረው ጊምቢ፣ በሰው ሆቴል፣ አልጋ አንጣፊ ሆኖ ነው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። እናታችን የጎጃም ሴት ናት፤ ወንድ ልጇ የሰው አንሶላ ሲያነጥፍ ታፍር ነበር። እሱ አያፍርም። የክልሉ ምክር ቤት አባል ከሆነ በኋላ እንኳ የተጨማደደ አንሶላ ካየ ኮቱን አውልቆ ራሱ ይወጥረዋል። ይህን ጽፌ ነበር። “ለክብራቸው አይመጥንም” ብለው ሰረዙት።

ነቀምት ላይ የራሱን ሆቴል ሲከፍት አንድ ሕግ ነበረው። ክፍል ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ እሱ ያድርበታል። ጠዋት ወረቀት ይዞ ይወጣል፦ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ አልጋው ሲገላበጡበት ይጮሃል፣ የመንገዱ መብራት ዓይን ውስጥ ይገባል። ያ ሁሉ እስኪስተካከል ክፍሉ አይከራይም። “ያልተኛንበትን አናከራይም” ይላል። መጀመሪያ የተኛባት ምድር ቤት ያለችው አራት ቁጥር ናት።

ሠራተኞቹ ይስቁበት ነበር። ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ አንሶላ የምታጥብ አንዲት የጨለለቂ ሰፈር ሴት አለች። “ሚስትህ ከዚህ ሁሉ አልጋ የትኛው ላይ ትፈልግህ?” ትለዋለች።

“ቁጥሩን ላንቺ እነግርሻለሁ፤ ስትጠይቅሽ አንቺ ንገሪያት።”

“ያኔማ የምታባርረው እኔን ነው።”

ለምክር ቤት ሲወዳደር ያንኑ ሕግ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። “እናንተ የምትተኙበትን ሳልተኛበት ምክር ቤት ውስጥ ለድምፅ እጄን አላወጣም” አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከዚያ ወዲያ የተኛው ሌላ ቦታ ነው። ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ገቡ። እዚሁ ነቀምት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለውን ቤቱን ለመሥሪያ ቤት አከራየው። ሆቴሉን ለእኔ ተወልኝ። አዲሱ ፎቅ ሲያልቅ ደውዬ “መቼ መጥተህ ታድርባቸዋለህ?” አልኩት። “አንተ ተኛባቸው” አለኝ። እኔም አልተኛሁም፤ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ አዞኛል፦ የመንግሥት እንግዳ ሲመጣ የለም እንዳትል። በእሱም እናደዳለሁ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ነውር ነው ይላሉ። እናደዳለሁ።

የሞተ ዕለት ከዲጋ ወረዳ ነበር የመጣው። ከሕዝብ ጋር ውይይት ነበረው። ከምሳ በኋላ መኪናው ግቢ ገባች። ሲወርድ በሩን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። “ጨጓራዬ ነው፤ ትንሽ ጋደም ልበል” አለኝ።

አልጋ አልነበረም። ስልጠና ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ክፍል በባለሥልጣን ተይዟል። አራት ቁጥር ያረፈው የአንድ ቢሮ ኃላፊ ነው፤ ለሥልጣን አዲስ ሳለ ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለበት ወንድሜ ራሱ ያሳየው ሰው። ወንድሜ ወዴት እንደምሄድ ስለገባው እጄን ያዘ።

“ተው። እንግዳ አይቀሰቀስም።”

“የራስህ ሆቴል እኮ ነው።”

“ለዚያ ነው።”

አስለቅቄው ሄድኩ። አንኳኳሁ። ሰውዬው በካልሲ ሆኖ በሩን ገርበብ አደረገ።

“ወንድሜን አመመው። ለአንድ ሰዓት ብቻ ክፍሏን ቢለቁልን።”

“ዕቃዬ ተበታትኗል፣ ኦቦሌሳ። ሌላ ጠይቅ” አለኝ። ኦቦሌሳ በኦሮምኛ ወንድም ማለት ነው።

“ሌላ የለም።”

“ከታመመ ሐኪም ቤት ውሰደው እንጂ፣ አልጋ ምን ያደርግለታል?” ብሎ ዘጋው።

ልክ ነበር። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ሐኪም ቤት መውሰድ ነበረብኝ። እኔ ግን አልጋ መለመን ጀመርኩ፤ ደረጃ ወጥቼ ሦስት በር አንኳኳሁ። እኛ የሆቴል ልጆች ነን፤ ሰው ሲደክመው የምናውቀው መድኃኒት አልጋ ነው።

ስመለስ አጣቢዋ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገብታዋለች። ሲሚንቶው ላይ የታጠበ አንሶላ ደራርባ አስተኝታዋለች። ማሽኑን አጥፍታ ራሱን በጭኗ ይዛለች። ከአንገቱ ቀና ብሎ ከሥሩ ያለውን አንሶላ ዳሰሰ። “ይሄ በደንብ አልደረቀም” አላት። ከዚያ በኋላ የሚረባ ነገር አልተናገረም። መኪናው ሆስፒታል ሲደርስ አልቆለት ነበር። ልቡ ነው አሉን።

በቀብሩ ኃላፊው ጥቁር መነጽር አድርጎ ወረቀቱን አነበበ። “በገዛ ሆቴላቸው በእረፍት ላይ ሳሉ በድንገት” አለ። እረፍት አለው። ሚስቱ አለቀሰች፤ አጣቢዋ ቀና ብላ አየችኝ። የመለሱልኝ ሁለት ገጽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

ከአርባው በኋላ ያው ሰው የስም ዝርዝር ይዞ መጣ። ሌላ ስልጠና። “ኦቦሌሳ ኮ” ብሎ አቀፈኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ለሁሉም ቁልፍ ሰጠሁ። ሠራተኞቹ ከዚያ ነው የሚበሉት፤ በእኔ ንዴት ጾማቸውን አያድሩም።

“ለእኔ ያቺን አራት ቁጥር” አለ።

“ተይዛለች።”

ከኋላዬ የተሰቀለውን ቁልፍ አየ። “በማን?”

“በታመመ ሰው።”

“ማን ታመመ?”

“እስካሁን ማንም። ሰው ከታመመ ብዬ ነው።”

ሊስቅ ፈለገና ተወው። “እኔ ታዲያ የት ልደር?”

“ይምጡ፣ ላሳይዎት።” ሻንጣውን አንስቼ በጓሮ በኩል ወሰድኩት። የልብስ ማጠቢያውን በር ከፈትኩ። ማሽኑ ይጮሃል፤ አጣቢዋ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነው። ሻንጣውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩት።

“እኛ ያልተኛንበትን አናከራይም። ይቺን ወንድሜ ተኝቶባታል” አልኩት።

ቆሞ ወለሉን አየ። ከዚያ ሻንጣውን ራሱ አንስቶ ወጣ። ሌላ ሆቴል እንዳደረ ሰማሁ።

አጣቢዋ ማሽኑን አጠፋች። “ፍራሽ እንኳ የላትም እኮ” አለችኝ።

“ያን ቀንም አልነበራትም” አልኳት።