ሞተሩ ነው የከዳው

የዳንግላው መካኒክ አቶ ሽባባው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸረ-ተባይ የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖሩ። ልጃቸው ኪዳኑ አብራሪ ከሆነ ወዲህ እሱ የሚያበረውን ሞተር ከእሳቸው ሌላ የሚነካው አልነበረም። ሲደውሉለት መጀመሪያ የሚጠይቁት የሞተሩን ሙቀት ነው። "አባዬ፣ አንዳንዴ የእኔንም ጤና ይጠይቁ እንጂ" ይላቸው ነበር እየሳቀ።

ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አብራሪው ነዳጁን ይቀንሳል፤ ወደ ቆላ ሲወርድ ግን መልሶ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ በሙቀት ይቃጠላል። ኪዳኑ የእንጅባራን ደጋ አልፎ ከጫግኒ በታች ለርጭት ሲወርድ አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። እሱም አልተረፈም።

አቶ ሽባባው ስብርባሪውን ሄደው አዩት። የሞተሩ ፒስተን ቀልጦ ተበስቷል፤ የነዳጁ መቆጣጠሪያ በደጋው ልክ እንደተቀነሰ ቀርቷል። የብርድ አገር ልጅ የቆላውን አየር ረስቶት ነበር።

ለቅሶ ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው እህተማርያም እጃቸውን ያዘች። "ልጅሽ ነው ያጠፋው ይሉኛል። እውነት ነው?"

አቶ ሽባባው እስከዚያች ቀን በሰው ጥፋት ሞተር ወንጅለው አያውቁም።

"ውሸት ነው። ሞተሩ ነው የከዳው።"

"የገጠምከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

እህተማርያም እጃቸውን ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ምግባቸውን ታቀርባለች እንጂ አብራቸው አትበላም። ጎረቤት ሲመጣ ግን ቀና ብላ "የኔ ልጅ ጥፋት የለበትም" ስትል አቶ ሽባባው ይሰማሉ፤ ብቻቸውንም ይጎርሳሉ።