ላሃኒያ ለሰሌዳው የተናገረችው

ላሃኒያን የትምህርት ቤት ቦርድ አባል ያደረጓት ስለማትናገር ነው። ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ከላይ ትእዛዝ ወረደ፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱ መንደር ትምህርት ቤቱን ራሱ ያስተዳድራል፣ በቦርዱም ውስጥ እናቶች ይኑሩበት ተባለ። ሊቀመንበር የሆነው ፓቲራም ዙሪያውን ቃኘና የታናሽ ወንድሙን ሚስት ላሃኒያን መረጠ። በእኛ በቆላው ሕዝብ በታሩዎች ዘንድ ደግሞ ሴት ከባሏ ታላቅ ወንድም ጋር አትነጋገርም። ስሙን አትጠራም፣ ፊት ለፊት አታየውም፣ ሲመጣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። እንግዲህ አስቡት፣ ከሊቀመንበሩ ጋር መነጋገር የማትችል የቦርድ አባል! ብልጥ መሆኑ እኮ ነው።

እኔ የሟቹ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ነኝ። ፓቲራም ታናሽ ዋርሳዬ ስለሆነ እንደፈለግሁ እቀልድበታለሁ፤ ወጉም ይፈቅድልኛል። ግን ምን ዋጋ አለው? እኔ የምለው ሁሉ እንደ ቀልድ ነው የሚቆጠረው። ለትምህርት ቤቱ ልጆች ምሳ የማበስለው እኔ ስለሆንኩ ግን፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ሳላየው የሚያልፍ ነገር የለም።

ሦስታችንም የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። ላሃኒያ ለፓቲራም መልእክት ሲኖራት ቤት ውስጥ ላለው የእህል ጎታ ትነግረዋለች።

«ጎታዬ፣ ምሳ ደርሷል» ትላለች ጀርባዋን ሰጥታ።

እሱም ከበረንዳው ሆኖ፣ «ጎታው፣ ትናንት ጨው በዝቶ ነበር በላት» ይላል።

«ጎታዬ፣ ጨው የበዛበት ሰው ለምን ደግሞ እንዳስጨመረ ጠይቅልኝ!»

እኔ በሳቅ ፍርስ እላለሁ። ቤት ውስጥ እንዲህ ናት። ሰው ፊት ስትወጣ ግን ሻሿ አፏንም ይዘጋዋል።

በልጅነቷ፣ በአዲስ ዓመታችን በማጊ በዓል ማግስት፣ አባቷ ለከተማ ሀብታም ቤት አገልጋይ አድርጎ ሰጣት። ያኔ የብዙዎቹ የድሃ ሴት ልጆቻችን ዕጣ ይኸው ነበር። የጌቶቿን ልጆች ዩኒፎርም አጥባ፣ ተኩሳ፣ አልብሳ ትሸኝና በሩን ዘግታ ወደ ሳህን እጥበቷ ትመለሳለች። «ዩኒፎርም በማጠብ ቢሆን ኖሮ እኮ አስረኛ ክፍል ጨርሻለሁ» እያለች ትስቅበታለች። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አግብታ ወደኛ ከመጣች በኋላ ባሏ ለሥራ ህንድ ሄደ። እሷ ሩዟን ትተክላለች፣ ወንዝ ወርዳ ቀንድ አውጣ ትለቅማለች። ያንን በተልባና በሚጥሚጣ ስትሠራው ጣት ያስቆረጥማል።

ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ትልቋ ፉልካሊ እዚህ ያለውን ትምህርት ጨርሳ ወንዝ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት መሄድ በጀመረች በወሯ ድንገት አቆመች። «ሰነፍ ናት» አለ ፓቲራም፤ መንደሩም አመነው። ትንሿ ማንግሪ ገና አንደኛ ክፍል ናት።

ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ነገር አመጣ። ተማሪ ያነሰበት ትምህርት ቤት ከማዶው ጋር ይጠቃለል ወይስ ባለበት ይቆይ፣ የየመንደሩ ቦርድ ይወስን አለ። ፓቲራም መጠቃለሉን ወደደው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ትልቅ ነገር ይወዳል። ማዶ ፎቅ አለ፣ ኮምፒውተር አለ። ድልድይም ሊሠራ ነው ብለውታል፤ ላም አለኝ በሰማይ!

ያን ቀን ላሃኒያ ለጎታው እንኳ አልተናገረችም። እኔ ወደማበስልበት መጣችና እንጨቱን መማገድ ጀመረች።

«ዲዲ» አለችኝ፤ እህትዬ ማለቷ ነው። «ከተጠቃለለ ማንግሪን ወንዙ ላይ አልልካትም። ቤት ትቀራለች፤ እንደኔ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ተናገሪያ!»

«ለማን? ለሱ?»

ድስቱን ማማሰል ያዝኩ።

ማዘጋጃ ቤቱ ከውሳኔው በፊት ቦርዱን የሚያሠለጥን ሰው ላከልን። ዲንባንዱ ይባላል፤ የተራራ ሰው፣ ልጅ እግር፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። በትልልቅ ወረቀት ላይ «ግልጽነት»፣ «ተጠያቂነት»፣ «አሳታፊነት» እያለ ጽፎ ግድግዳውን ሞላው። አባላቱ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከፊሉ ገብቶት፣ ከፊሉ እንቅልፍ ወስዶት። ሰሃናቸውን ባዶ ካደረጉ በኋላ፣ «አሁን ወደ ልምምድ!» አለና ላሃኒያን አስነሳት።

«ዲዲ፣ ሊቀመንበሩን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ዓይን ዓይኑን እያየሽ!»

ወይ ጉድ! ላሃኒያ ሻሿን አገጯ ድረስ አወረደችው። ፓቲራም ጣሪያውን የሚቆጥር ይመስል ቀና ብሎ ቀረ።

«አትፍሪ!» አለ ልጁ። «ስሙን ጥሪና ጀምሪ!»

ጭልፋዬን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ። «ሰር፣ ምን እያደረግህ ነው? ስሙን ከጠራች እኮ መርገም ነው! የባሏ ታላቅ ወንድም ነው!»

ፓቲራምም አፉ ተከፈተ። «ባውጂ ትክክል ናት» አለ፤ እኔን የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። «ወጋችን አይፈቅድም።»

«ዝም በል አንተ!» አልኩት። «ስትመርጣትስ ወጉን አታውቀውም ነበር?»

ሁሉም ሳቀ። እንግዲህ እኔ ስናገር ይስቃሉ፤ ልማዳቸው ነው።

ዲንባንዱ ግን አልሳቀም። ፊቱ በርበሬ መስሎ ተከትሎኝ ወጣ። «ዲዲ፣ በጣም አፈርኩ። ታዲያ ቤት ውስጥ እንዴት ይግባባሉ?»

«በጎታው።»

«እየቀለድሽብኝ ነው?»

«ና እና ስማቸው!»

መጣ። እኛ ዘንድ ሩዝ በላ፣ የሩዝ ጠላ ጠጣ፣ ላሃኒያና ፓቲራም በጎታው በኩል ስለ ፍየሏ ሲጨቃጨቁ ሰማ። አፉን ከፍቶ ነበር የሚያያቸው።

በማግስቱ ክፍሉ እንደሞላ ብድግ አለ። «ዛሬ ውሳኔው ይሰጣል። ደንቡም ይለወጣል። ማንም ለማንም አይናገርም። ሁሉም ለሰሌዳው ይናገራል፤ ሊቀመንበሩም ጭምር።»

እሰይ የኔ ልጅ! ከተራራ ወርዶ ይህን ያስባል ብዬ አልጠበቅኩም።

መጀመሪያ የተነሳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽማግሌው ጆክሁ፤ የፓቲራምን መሬት በእኩል የሚያርሰው፣ በስብሰባ ላይ ከሳል በቀር ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው። «ሰሌዳው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የሴት ልጆቹ ሽንት ቤት በር የለውም። የሊቀመንበሩ የላም በረት ግን አዲስ በር አለው።» ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። ፓቲራም አንገቱን አከከ፤ «ሰሌዳው፣ በሩ ይሠራል በለው» አለ።

ከዚያ ላሃኒያ ተነሳች። ጀርባዋን ለፓቲራም ሰጥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ሰሌዳዬ፣ ድልድዩ የሚሠራው መቼ ነው?»

«ሰሌዳው፣ በቅርብ በላት። መሐንዲሶች መጥተው ለክተዋል።»

«ሰሌዳዬ፣ ሙሽራ ሆኜ ስመጣም ሲለኩ ነበር። ይሄ ወንዝ ሱሪ ሊሰፋለት ነው እንዴ?»

እኔ በሩን ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ፓቲራምም ፈገግ አለ፤ ግን ቶሎ ኮስተር ብሎ፣ «ሰሌዳው፣ የሌላው መንደር ልጆች በጀልባ ይሻገሩ የለ? ሰነፍ ካልሆነ በቀር ማንም ይሻገራል በላት» አለ።

ላሃኒያ ሻሿን ወደ ታች ሳበች። በቃ፣ ልትቀመጥ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ሰሌዳዬ» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ፣ «ፉልካሊ ሰነፍ አልነበረችም። መሀል ወንዝ ላይ ከጀልባው ወደቀች። ቀዛፊው በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት፣ ከዚያም እንጀራዬን አትዝጉብኝ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ልጄን እሳት ዳር ሳስቀምጣት ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ እማዬ ሁለተኛ አትላኪኝ አለችኝ። አልላክኋትም። አሁን ደግሞ ማንግሪን ላኪ እየተባልኩ ነው። ማንግሪ ዋና አትችልም።»

እኔም እዚያው ግቢ እየኖርኩ ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ፓቲራም ሰሌዳውን ሲያይ ቆየ። የሚያየው ጽሑፍ እንኳ አልነበረበትም።

«ሰሌዳው» አለ በመጨረሻ፣ «ፉልካሊ እኮ የኔም ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አለች? ጠይቅልኝ።»

«ሰሌዳዬ፣ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም በልልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዲንባንዱ ብድግ አለና፣ «ትምህርት ቤታችን እዚሁ ይቆይ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ። መጀመሪያ የወጣው እጅ የፓቲራም ነበር።