ራስሽ ግጠሚው

ኢንተርኔት ሊጠግን የተላከው ሰውዬ የኢክላስን ቤት የረገጠው ተቆጥቶ ነው። ዓለም ገና ከተማ ድረስ በባጃጅ ሲናጥ የመጣ፣ ኮሌታው ያለቀ ግን በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው። ኢክላስም የጠበቀችው ተቆጥታ ነበር። ኢንተርኔቷ ከተቋረጠ ሦስት ቀኑ ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ በኮምፒውተር የምትፈተነው ፈተና አለባት።

የራውተሩ መብራት አይበራም። ሰውዬው ገመዱን እየዳበሰ ሄዶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄን በበር ስር ያሳለፈው የትኛው ደንቆሮ ነው?" ሲል ጮኸ።

"የእናንተው ሰው ነዋ!"

ሰውዬው በሩ የቀጠቀጠውን ቆርጦ ጣለና የገመዱን ጫፍ ላጠው። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ከነአዲሱ መሰኪያ እጇ ላይ አኖረላት።

"ራስሽ ግጠሚው።"

"እኔ? ፈተና አለብኝ እኮ!"

"ነገም ሲበላሽ ሦስት ቀን ልትለምኚን ነው? በይ! ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ… ድገሚ!"

ስትሳሳት ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ይመታል። ሲሳካላት "ቀጥዪ" ይላል እንጂ አያሞግስም። በሦስተኛው ሙከራ መብራቱ ብልጭ አለ። ኢክላስ ንዴቷ የት እንደገባ ሳታውቀው ሳቀች።

"ኦቦ፣ የት ነበር የሚያስተምሩት?"

ፊቱ ጠቆረ። ጉጠቱን ቦርሳው ውስጥ ወረወረው።

"አስተምርበት የነበረው ክፍል ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው" አለ፤ ከመጣ ጀምሮ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር።

ልትሸኘው ወጥታ ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ ሰውዬው መንገዱ ጋ ደርሶ ዞረና አፈጠጠባት።

"ምን ይገትርሻል? ፈተናሽ ደርሷል፣ ግቢ!"