መርዶ በአስተርጓሚ

የወንድሜን ሞት የነገረኝ የመንግሥት ጠበቃ ነው። ሽማግሌ አይደለ፣ ዘመድ አይደለ፣ ማልዶ በሬን ያንኳኳ ጎረቤት አይደለ። ከቀትር በኋላ፣ አትላንታ፣ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ውስጥ፣ በአስተርጓሚ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ወንድሜ አገር ቤት ታስሮ ነበር። እሱን ካሰሩ በኋላ እኔንም መፈለግ ሲጀምሩ በጉብኝት ቪዛ መጣሁ፤ ስኮትዴል የእህቴ ልጅ ቤት አረፍኩና ጥገኝነት፣ እዚህ አሳይለም የሚሉትን፣ ጠየቅኩ። ቀጠሮዬ ደርሶ ዳኛው ፊት ስቀርብ፣ "ወንድምህ የት ነው?" አሉኝ። "እስር ቤት ነው" አልኩ። የማውቀውን ነው የተናገርኩት።

ከእኔ ቀጥሎ ምስክሬ ገባ። ከወንድሜ ጋር ታስሮ የተፈታ ያገሬ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ ጋ ታክሲ ይነዳል። እኔ ስናገር እሱን ውጭ አስቀምጠውት ነበር፤ ሕጋቸው ነው። ገና አፉን ሲከፍት፣ "ወንድማቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የታሰረው" አለ።

አስተርጓሚዋ ምን ታድርግ፣ ያለውን አለች። የመንግሥቱ ጠበቃ ብድግ ብሎ፣ "ሰውየው ሞቷል ወይስ ታስሯል?" አለ። ምስክሬ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የእህቴን ልጅ አየኋት፤ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ገባኝ። የምከናነበው ጋቢ የለ፤ ኮቴን አውልቄ ፊቴን ሸፈንኩበት፤ እዚያው ውስጥ ሆኜ፣ "ሞቱን አሁን ነው የሰማሁት" አልኩ።

ዳኛው የጻፈው ምን መሰላችሁ? የሰውየው ቃል ከምስክሩ ቃል ይጋጫል፣ አይታመንም።

ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። አገር ቤት ያለችው ታላቅ እህቴ፣ ሁላችን እትዬ የምንላት፣ "ፍርድ ቤቱ ሳያልቅ እንዳትነግሩት፣ ልቡ ይሰበራል" ብላ አዛ፣ ስንት ወር ሙሉ ፊቴ እየሳቁ፣ ከኋላዬ እያለቀሱ ከርመዋል። ታክሲ ነጂው ደግሞ እስካሁን ተረድተዋል ብሎ ነው። ማንን ልቆጣ? እኔም አገር ቤት ሳለሁ፣ ሽማግሌ ሆኜ ጎህ ሲቀድ የስንቱን ሰው በር አንኳኩቻለሁ። ወጉ ነው። ወጉ ግን ዳኛ ፊት ውሸታም ያሰኛል ብሎ ማን አሰበ!

ይግባኝ አልን። መጀመሪያ ይግባኙን ያየው ክፍል ዳኛው ልክ ነው ብሎ ዘጋው። የቀረን ዳውንታውን ያለው ትልቁ ፍርድ ቤት ነበር፤ ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ። ጠበቃዬ በእህቴ ልጅ በኩል እንዲህ አለችኝ፦ አዲስ ነገር አይሰሙም፣ የፊተኛው ዳኛ በሕግ ሠርቶ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያዩት፣ እርስዎ አይናገሩም፣ ባይመጡም ይቻላል።

"ስለ እኔ ሲወራ እኔ አልኖርም?" አልኩ።

"ኦኬ ጋሼ፣ ና። ግን ፕሊስ፣ ምንም እንዳትል" አለችኝ የእህቴ ልጅ። እዚህ አድጋ አንተ ትለኛለች፤ ለምጄዋለሁ።

ሄድን። የእህቴ ልጅ በሹክሹክታ ታስተረጉምልኛለች። ጠበቃዬ፣ ደንበኛዬ ሞቱን የሰማው እዚያው ችሎቱ ላይ ነው፣ ይህንንም ተናግሯል፣ ዳኛው ግን አላነሳውም እያለች ታስረዳለች። መካከል የተቀመጠችው ዳኛ አቋረጠቻት። "አንድ ቤተሰብ ሙሉ ሞት ይደብቃል? እስከ መቼ?"

"እስኪመች ድረስ፣ ክብርት ዳኛ።"

"መመቸቱን የሚወስነው ማነው?"

ጠበቃዬ "ታላላቆች..." ብላ ስትጀምር ቀዩ መብራት በራ። ጊዜዋ አለቀ ማለት ነው። የሰው ዕድሜ የሚያህል ጉዳይ በመብራት ይቆረጣል! ብድግ ልል ስል የእህቴ ልጅ ኮቴን ጨምድዳ ያዘች።

"ጋሼ ቁጭ በል፣ ያስወጡናል!"

"ልጨርስላት እንጂ!"

"ሪከርዱ ላይ፣ መዝገቡ ላይ የሌለ ነገር አይቆጠርም።"

"የሞተው ወንድሜ፣ የተደበቀው ከኔ፣ ከኔ ሌላ ሪከርዱ ማነው?"

"ሽሽሽ!"

ከወራት በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ደንዉዲ ከሚገኘው ሥራዋ ተመልሳ ገበያ ልታደርሰኝ መኪና ውስጥ እንዳለን፣ ጠበቃዬ ደወለች። የእህቴ ልጅ መሪውን በመዳፏ ደበደበችው። "ጋሼ! ዊን አደረግን!"

"ተመስገን! ወረቀቱ ተሰጠኝ?"

"ኖ፣ ሪማንድ ነው። ምክንያትህን ሳያይ ነው የፈረደው፣ እንደገና ይየው ብለው መለሱት።"

"ለማን?"

"ለዳኛ።"

"ለየትኛው ዳኛ?"

"ለዛው።"

አሸነፍን ማለት ይኼ ነው እንግዲህ። አትታመንም ወዳለኝ ሰው ተመልሼ፣ ያንኑ ሞት እንደገና ልናገር። መናገሩንስ እናገራለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው።

"ስሚኝ ልጄ" አልኳት፣ "አሁን ደግሞ 'እህትህ ደህና ናት?' ቢለኝ ምን ልበለው? የደበቃችሁኝ ካለ ከዳኛው በፊት ንገሪኝ።"

ሬዲዮውን ቀነሰች። "እትዬ ትንሽ አሟታል። ትንሽ ነው ግን።"

"ትንሽ የሆነው እዚያ ነው፣ ወይስ አንቺ ነሽ ያሳነስሽው?"

"እኔንጃ ጋሼ" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ለኔም እንደዛ ብለው ነው የነገሩኝ።"