ደም ለመስጠት የጾምነው ጾም

የሄድን ለት ዶሮ ሳይጮህ ነው ከደባርቅ የተነሣነው። እህቴ ጥሩነሽ በአውቶቡሱ መስኮት የበሶ ስልቻ አቀብላኝ፣ «የልጁን ልብ አስመልሽልኝ» አለችኝ። ልጄ ሞገስ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እኔ ከማልሰማቸው ሰዎች ጋር በዝግታ ያወራ ነበር።

ሞገስ ዳዊት በቃሉ የሚደግም፣ ቅኔ ቤት የነበረ ልጅ ነው። ያ እኔ የማልሰማው ድምፅ ከመጣበት ወዲህ ግን የላኩትን እመንገድ ላይ ይረሳል። ጠበል ለጠበል ዞርን። ዳባት ሐኪም ቤት ክኒን ሰጡት፤ ድምፁ ረገብ አለ፣ መርሳቱ ግን አልለቀቀውም። ስዊድን ያለችው ልጄ ወረቀት ጨርሳ የወሰደችን ለዚሁ ነው።

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቀምኳት ፊደል ነው የምጽፍላችሁ። እናንተ የደባርቅን ብርድ የምታማርሩ፣ የኛ ብርድ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ የስዊድኑ ሐፍረት የለውም። ሰዉም ትልቅ ትንሹን አንተ፣ አንቺ ነው የሚለው።

ሐኪም ቤት አንዲት ዶክተር በአስተርጓሚ አስረዳችን፤ አስተርጓሚን እዚህ ቶልክ ይሉታል። እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው ማሰቡና ማስታወሱ ለምን እንደሚከብደው፣ ምልክቱ ከደም ይገኝ እንደሆነ ታጠናለች። ሞገስ ከፈቀደ ደም ይሰጣል፣ የማስታወስ ፈተናም ይፈተናል። ራሱ «እሺ» ብሎ ፈረመ። ጠዋት ጾሙን ይምጣ አሉን።

ጾም ከሆነማ እናውቅበታለን። ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አላስቀመስኩትም፤ እኔም አብሬው ጾምኩ። ነርሷ አንዱን ክንድ ወጋች፣ ሌላውን ወጋች፣ ደም እምቢ አለ።

«ውሃ ጠጥቷል?» አለች።

«እየጾመ እንዴት ይጠጣል?»

«ውሃማ ይፈቀዳል።»

«ማን ፈቀደው?» አልኳት። ቶልኩ ሳቁን ዋጠ።

ሁለት ብርጭቆ አጠጥተው፣ አሳርፈው ቀዱለት። ፈተናው ግን ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ የደከመ ሰው አይፈተንም ብለው። እኔ ነኝ ያደከምኩት እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ አዘንኩ።

በቀጠሮው ቀን የቃል ዝርዝር አነበቡለት፤ ዛፍ፣ መርፌ፣ ወንዝ እያለ የሚሄድ። ቆይተው ሲጠይቁት ሦስቱን ብቻ መለሰና አቀረቀረ። አላስቻለኝም፤ «ዳዊቱን ጠይቁት» አልኩ። ሞገስም ቀና ብሎ አንዱን መዝሙር ሳይስት አደረሰው። ዶክተሯ እስኪጨርስ ሰማችው።

«የድሮው አለ» አለች፤ «እኛ የምንፈልገው አዲሱ የት እንደሚጠፋ ነው።»

«ደሙስ ምን አለ?»

«ገና ነው። ከብዙ ሰው ደም ጋር ተያይቶ ነው የሚጠናው። ለእሱ ብቻ መልስ ይገኛል ብዬ አልዋሽዎትም።» አንቱ ያለኝ ቶልኩ ነው፤ አለመዋሸቱ ግን የራሷ ነው።

እሑድ ጥሩነሽ ጋ ደወልን። «ልቡ ተመለሰ?» አለችኝ። ቀጥላም እስቲ እሱን አቅርቢልኝ አለች። ገብሱ እንደታጨደ፣ አዲስ በቅሎ ገዝተው ብርቄ እንዳሏት አጫወተችው።

በማግስቱ ሞገስ ሳህን ሲያጥብ ቆይቶ ዞር አለ።

«እማ፣ የእትዬ ጥሩነሽ በቅሎ ስሟ ማን ነበር?»

ስሟ ከአፌ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። ስሟን ረስቷል፤ በቅሎ መገዛቷን ግን አልረሳም። እጁ ሳይደርቅ ስልኩን ይዤለት ሄድኩና እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ስለ በቅሎዋ እንደገና ንገሪው» አልኳት።