በቀትር የጠፋችብኝ ልጅ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ሞጣ ውስጥ በምማርበት ኮሌጅ ነው። ልጄ አሁን ወንበር ይዛ ትቆማለች፣ ትስቃለች፣ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ዛሬም ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ልጄን በዓይኔ እፈልጋለሁ። "አለፈ እኮ፣ እርሺው" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቢረሳ ኖሮ መች እጠላ ነበር።

የቢቸና ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ደጀን ያስተምራል። በወግ ተድሬ፣ ቤተሰብ መርቆኝ ነው ያረገዝኩት፤ የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም። ነገር ግን ከእኛ በላይ ያሉት ተማሪዎች "የወለደች ዊዝድሮው የሚሉትን የማቋረጫ ቅጽ ሞልታ ትወጣለች፣ ስትመለስ ቦታዋን ለሌላ ሰጥተውባት ታገኘዋለች" ይሉ ነበር። በማን ላይ እንደደረሰ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሰፊ ቀሚስ አሰፋሁ፣ ነጠላ ደረብኩ፣ "ወፈርሽ" ሲሉኝ "የሞጣ ውሃ ተስማማኝ" እያልኩ ከረምኩ። እግዜር ሲረዳኝ በእረፍት ጊዜ እናቴ ቤት ወለድኩ። ልጄን ማኅደር አልናት።

ክርስትናዋ እንዳለፈ እናቴ ልትይዝልኝ አብራኝ ሞጣ መጣች። በተከራየሁት ቤት ሦስታችን ተጣበን እየኖርን፣ ኮሌጅ ውስጥ ግን ከክፍሌ ልጅ ከሰላም በቀር ማንም ሳያውቅ ቆየን። በፈተናው ሰሞን የእናቴ ወንድም አረፈ። ለቀብር ቢቸና እንደሄደች መንገድ ተዘጋ፤ መኪና ከግንደወይን ወዲያ አይሄድም ተባለ። አከራዬ "እኔ አለሁልሽ" ብለውኝ ነበር። የፈተናው ዕለት ማለዳ ዘመዳቸው ከገጠር ታሞ መጣና ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ።

ምን በወጣኝ ልቅር? ልጄን አዝዬ ኮሌጅ ሄድኩ። ጥበቃው ህፃን ይዞ ፈተና ክፍል መግባት አይቻልም አለኝ። እናቷ እኔ መሆኔን እንዳያውቅ "የእህቴ ልጅ ናት" አልኩት። ጉድ እኮ ነው።

ከበሩ አጠገብ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር በእናቴ ዕድሜ የሚሆኑ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል። ለልጃቸው ስንቅ ይዘው ከገጠር መጥተው፣ እሱ ተፈትኖ እስኪወጣ እየጠበቁ ነው። ስንጨቃጨቅ ሰምተው ኖሮ እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጫት፣ እኔ እይዛታለሁ። አንቺ ግቢ" አሉኝ።

ዘወር ብዬ አጠባኋትና ሰጠኋቸው። ስማቸውን አልጠየቅኩም፣ የልጃቸውንም ስም አልጠየቅኩም። ስልኬንም በር ላይ ተቀበሉኝ። እየሮጥኩ ገባሁ።

ፈተናው የሒሳብ አያያዝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይዤው ነበር። እኩለ ቀን ሲቃረብ በመስኮቱ በኩል የህፃን ለቅሶ ሰማሁ። የሷ ነው፤ እናት አትሳሳትም። ጡቴ አጋተና ቀሚሴን አራሰው። ነጠላዬን ሰብስቤ አቀርቅሬ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ከዚያ ለቅሶው ቀጥ አለ። ካለቀሰችበት ይልቅ ዝም ያለችበት አስፈራኝ።

ፈታኙን ትንሽ ወጥቼ ልመለስ ብዬ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ እንዲሁ ነው አልኩት። ከወጣሽ አትመለሺም አለኝ። ትንሽ ታገልኩ፤ ከዚያ አልቻልኩም፣ ወረቀቱን በግማሹ ሰጥቼው ወጣሁ።

ከባሕር ዛፉ ሥር ማንም የለም።

ጥላው ራሱ አልነበረም፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ወርዳበታለች። ጥበቃው ለምሳ ተቀይሯል። አዲሱ ሰውዬ ሴትም ህፃንም አላየሁም አለኝ። ከበሩ ፊት ለፊት ካርድ የምትሸጥ ልጅ ጥቁር የለበሰች ሴት ህፃን አቅፋ ወደ መናኸሪያው ስትሄድ አይቻለሁ ስትለኝ፣ ቀሪውን ሳልሰማ ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። "ልጄን፣ ልጄን" እያልኩ ነበር የምሮጠው። ያን ሁሉ ወር የደበቅኳትን ልጅ ሞጣ ሁሉ እየሰማ ጠራኋት።

መናኸሪያው ስደርስ ወደ ግንደወይን የሚሄድ ሚኒባስ ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ነው። ፊቱ ቆምኩ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋብኝ፣ ንቅንቅ አላልኩም። ተራ አስከባሪው ሊጎትተኝ መጥቶ ፊቴን ሲያይ ተወኝና በሩን አስከፈተልኝ። ከኋላ ወንበር ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ህፃን ሸፍና ይዛለች። በሰው ጉልበት ላይ ተረማምጄ ሄጄ መሸፈኛውን ገለጥኩት።

ወንድ ልጅ ነው። ጥርስ ያወጣ፣ ትልቅ ልጅ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ይቅርታ እንኳ ሳልላት መኪናው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዎቹ ውሃ አፈሰሱብኝ። አንዷ ፖሊስ ጥሩ ትላለች፣ ሌላው ሌላ መኪና ቀድሞ ወጥቷል ይላል። ቀድሞ ወጥቷል የሚለውን ስሰማ ልጄን ዳግመኛ የማላያት መሰለኝ። ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ለአባቷስ?

ያን ጊዜ ነው ሰላም በባጃጅ የደረሰችው። ተፈትና ስትወጣ ጩኸቴን የሰሙ ሰዎች ነግረዋት ነው።

"ተነሽ፣ ማኅደር አለች። የዲፓርትመንት ኃላፊዋ ቢሮ ናት፤ ስወጣ አይቻታለሁ" አለችኝ።

ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ሰላምን አንገቷን አንቄ ሳምኳት። ባጃጁ ውስጥ ግን የነገረችኝ ነገር ገባኝ። ኃላፊዋ ቢሮ። ከሰው ሁሉ የምፈራው እሳቸውን ነው፤ በኮሪደር ሲመጡ መንገድ እቀይር ነበር። በቃ፣ ልጄ ተገኘች፣ ትምህርቴ አበቃ አልኩ።

ቢሮው ከተፈተንኩበት ክፍል ሁለት በር ብቻ ነው የሚርቀው። ጥቁር የለበሱት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጄ ጭናቸው ላይ ተኝታለች፤ ኃላፊዋም ከጠረጴዛቸው ኋላ አሉ። ነጥቄ ወሰድኳት። ሴትዮዋ አልተቆጡኝም።

"ታዲያ በቀትር ህፃን ይዤ ደጅ ልቀመጥ? መጋኛ ቢመታትስ?" አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነበር። እኛ አገር መጋኛ የሚሉት ክፉ መንፈስ ይመታል እየተባለ በቀትር ህፃን ይዞ ደጅ አይዋልም፤ ይህን ከእናቴ አፍ ስሰማ ነው ያደግኩት። ጥላው ሲሸሻቸው የጠዋቱን ጥበቃ አስፈቅደው ገቡ፤ ክፍት ሆኖ ያገኙት የኃላፊዋን ቢሮ ብቻ ነበር። ካርድ ሻጯ ያየቻት ሌላ ሴት ናት። እኔ ደግሞ ልጄን ከተማውን ሁሉ ሳስስ ወደዚያ በር ዞር ብዬ አላየሁም።

ኃላፊዋ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። በቀስታ ነገሩኝ። በኮሌጁ ደንብ ያረገዘች ተማሪ የወሊድ ፈቃድ አላት፣ ቦታዋም ይጠበቅላታል። የምታጠባ ደግሞ ከፈተና ወጥታ አጥብታ ትመለሳለች፣ ያጠፋችው ሰዓትም ይጨመርላታል። ፈታኙም ምክንያቴን ቢያውቅ ኖሮ ይፈቅድልኝ ነበር። ያበላሸሁትን ፈተና ታመው ከቀሩት ተማሪዎች ጋር እንድወስድ አደረጉልኝ። ቆሜ ሰማኋቸው። እፎይ ከማለት ይልቅ በከንቱ የደበቅኳትን ወር መቁጠር ያዝኩ።

ሴትዮዋ ስንቃቸውን አንስተው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"የኔ ልጅ፣ እኔን ሳታውቂኝ ልጅሽን ሰጠሽኝ። የሚያውቁሽን ሰዎች ግን ልጅ አለኝ ማለት ፈራሽ" አሉና ወጡ።

ሳላመሰግናቸው ሄዱ።

ዘንድሮ እመረቃለሁ። ማኅደርንም ሰው እያየ ግቢ ውስጥ ሳቅፋት ምንም የሚለኝ የለም፤ ኃላፊዋ ራሳቸው አንዳንዴ ይይዙልኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ልጄን ያተረፋት የእኔ ብልሃት አይደለም። ደግ ሰው ስለገጠመኝ ነው። ከባሕር ዛፉ ሥር ያን ዕለት ሌላ ሰው ተቀምጦ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር ልጄን ተኝታም ቢሆን አነሳታለሁ። ታለቅሳለች። ታልቅስ፤ ስታለቅስ ቢያንስ የት እንዳለች አውቃለሁ።