«እኔ» የምትለው አስተርጓሚ

ወርቂቱ ብትገደል የሰው ምስጢር አታወጣም። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ንጋቱ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሚስታቸው እንኳ ያልተነፈሱትን፣ ዛሬ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያወራሉ።

ወርቂቱ ኦክላንድ ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት መሪ ናት፤ ቀሚሷ ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ። በሥራ ቀን ደግሞ የሕክምና አስተርጓሚ ናት። የሥራው ሕግ ጥብቅ ነው፦ አይጨመርም፣ አይቀነስም፣ «እሳቸው እንዲህ አሉ» አይባልም። በሽተኛው «አመመኝ» ካለ እሷም በእንግሊዝኛ «አመመኝ» ነው የምትለው። በዚህ ሕግ ስንት ጊዜ አርግዛለች፣ ስንት ጊዜም ፕሮስቴቷን ታማለች።

አንድ ማክሰኞ ሳን ሆዜ አንድ ክሊኒክ ስትገባ ጋሽ ንጋቱና ባለቤታቸው እትዬ ሙሉመቤት ተቀምጠዋል። ጋሽ ንጋቱ ሲያይዋት ክው አሉ። መኪና የሚነዱት እትዬ ሙሉመቤት የመጡት ለስኳር ምርመራ መስሏቸው ነው። ለነገሩ ልባቸውም እዚያ አልነበረም። ባላቸው «አንኮራፋለሁ» ብለው ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሴትዮዋም ተጠላሁ ብለው ቆርጠዋል። ቅዳሜ ፕሌዘንተን ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፣ በዚያው ሊቀሩ።

«ምን ልርዳዎት?» አለ ዶክተሩ።

«ሳል ነው» አሉና ጋሽ ንጋቱ ሳል ሳል አደረጉ።

ወርቂቱ ፊቷ ሳይለወጥ «ሳል ይዞኛል» ብላ ተረጎመች። ዶክተሩ የተላኩበትን የሪፈራል ወረቀት አየ፣ ሰውዬውን አየ፤ ከዚያ «ባለቤትዎ ውጭ ቢጠብቁ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ ሙሉመቤት ቦርሳቸውን ሲያነሱ ጋሽ ንጋቱ ቅዳሜን አሰቡ። «ትቆይ» አሉ። ከዚያ ሚስታቸውን ሳይሆን ዶክተሩን እያዩ ጉዳዩን ዘረገፉት። ወርቂቱም፣ ያቺ የጸሎት መሪያችን፣ ቀጥ ብላ «ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ብልቴ አይቆምልኝም፤ በአቅሜ ሁሉ እታገላለሁ» አለች።

ዶክተሩ በደግነት ሳቀ። «ችግሩ መታገልዎ ነው» አለና ያስረዳ ጀመር። ብልት ውስጥ ያለው ጡንቻ እንደ ክንድ አዘውት የሚታዘዝ አይደለም፤ አንጀትና የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው፣ ለስላሳ የሚባለው ጡንቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኮማትሮ ብዙ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ስሜት ሲመጣ ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፣ ጡንቻው ይፍታታል፣ ደም ይሞላል፤ እብጠቱም የመውጫ ሥሮቹን ተጭኖ ደሙን ያስቀረዋል። ብልት የሚቆመው ጡንቻው ሲላላ ነው። የጋሽ ንጋቱ ስኳር ነርቩንና የደም ሥሩን አድክሞታል፤ ጭንቀታቸው ደግሞ ጡንቻውን መልሶ ያኮማትረዋል።

«እኔ እኮ ጥርሴን ነክሼ ነበር» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «በኋላማ አፈርኩ። እንዳትንቀኝ ብዬ ነው የሸሸኋት፤ ማንኮራፋቱ ውሸት ነው።»

ይህን ለመስማት እትዬ ሙሉመቤት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ባላቸውን ትኩር ብለው አዩ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ደግሞ ምኔን ጠልቶ ነው እያልኩ ስንት ቀን አለቀስኩ። እኔ አንተን ነው የምፈልገው፤ ሌላው ቢመጣም ባይመጣም።»

«ምን አሉ?» አለ ዶክተሩ።

ወርቂቱ ባሏን ከቀበረች ስምንት ዓመቷ ነው። በእንግሊዝኛ «እኔ አንተን ነው የምፈልገው» ስትል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ደስ ብሏት ነው፤ ትንሽም ከፍቷት።

ዶክተሩ ከክኒኑ ጋር ቢወሰድ አደገኛ የሆነውን፣ ናይትሬት ያለበትን የልብ መድኃኒት እንደማይወስዱ አረጋግጦ ክኒን አዘዘ። «ግማሹን ሕክምና ግን ባለቤትዎ ሰጥተውዎታል» አለ።

እትዬ ሙሉመቤት የመኪናውን ቁልፍ አወጡ። «እንግዲያው ቶሎ በል፤ 880 አውራ ጎዳናን ትራፊክ ሳይዘጋው ቤታችን እንግባ።»

ወርቂቱ ይህንንም ቃል በቃል ተረጎመችው።